መቆንጠጫ የተሰካበት ጊታር

የልጅ ልጆቼ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። ያ ሙዚቃ ከስልካቸው ሲወጣ ሰምቼ «ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ» ስላልኩ፣ ከበው ያዙኝ። አውቀዋለሁ ማለቴ እውነት ነው። የሠራውን ነገር ግን ዛሬም በቅጡ አላወቅኩትም። ስለዚህ ግራ እንደገባኝ ነው የምነግራቸው።

ዱባይ አጠገብ ሻርጃ ነበርኩ፣ አል ተዓውን የሚባል ሰፈር። ዱባይ ብዙ ዓመት የሠራሁላት ማዳም ልጆቿ አደጉላትና «ኸላስ፣ በቃ፣ አሁን አገርሽ ግቢ» አለችኝ። በክፉ አይደለም፣ ሻንጣም ገዝታልኛለች። ሻንጣዬን ይዤ፣ የጉዞዬ ቀን እስኪደርስ ብዬ አንድ ቢድ ስፔስ፣ አልጋ ብቻ የሚከራይበት ቤት፣ ገባሁ። በሳምንቱ ኮሮና ሰማዩን ዘጋው። አብረውኝ አልጋ የተከራዩት ሁለት ሴቶች ሰው ቤት የሚሠሩ ነበሩ፤ ማዳሞቻቸው ከግቢ እንዳይወጡ ከለከሏቸውና አልጋቸው ባዶውን ቀረ።

ቤቱ በጣውላ የተከፋፈለ ነው። በአንዱ ወገን እኔ፣ በሌላው አንድ ያገሬ ሰው፤ ጠና ያለ፣ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ጊታር ሲጫወት የኖረ። ሆቴሉ ሲዘጋ ሥራውም ቪዛውም አብሮ አለቀ። ወጥ ቤታችን አንድ ስለሆነ ምስር ስሠራ ለሱም እጨምራለሁ፤ እሱ ደግሞ ጭንብሉን አድርጎ ሱቅ ይወርድልኛል። እንደዚህ ነበር የምንኖረው።

ታዲያ ከጣውላው ማዶ የሚመጣው ድምፅ! መጀመሪያ ቆርቆሮ የሚጎተት መሰለኝ። ቀጥሎ ገመድ ያነቀው ጥጃ። ከዚያ ዝም ይላል፤ የማቀዝቀዣው፣ የኤሲው፣ ጉርምርምታ ብቻ ይቀራል፤ አለቀ ስል ድንገት ጓ! በሽታው ማሽተት ይወስዳል ሲሉ ሰምቼ ነበርና፣ የኔን ደግሞ ጆሮዬን ወሰደው ብዬ ፈራሁ። ሽንኩርት አንስቼ አሸተትኩ፤ ይሸታል። ጆሮዬን ግን በምን ልፈትነው?

አንድ ቀን ወጥ ቤት ስንገናኝ ደፍሬ ጠየቅሁት።

«ልጄ፣ ያ ነገር ተበላሽቶብህ ነው?»

«የቱ፣ እማማ?»

«የምትመታው።»

ሳቀ። «አልተበላሸም። እንደዛ እንዲጮህ ብዬ ነው።»

«አውቀህ?»

«አውቄ። አልበም እየሠራሁ ነው። ብሉዝ የሚሉት ሙዚቃ አለ፣ እንደኛ እንጉርጉሮ ይበሉት። እሱን ከሮክ ጋር ደባልቄ፣ ከዚያ ደግሞ እሰባብረዋለሁ። ሙከራ ነው።»

«ከደባለቅከው በኋላ ለምን ትሰብረዋለህ?»

«ሳይሰበር ሌላ ሰው ሠርቶታላ!»

«ሆቴሉ የተዘጋው በኮሮና ነው ያልከኝ?»

እስኪያስለው ሳቀ። ሳሉን ስንሰማ ደግሞ ሁለታችንም ደነገጥን። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ሙዚቃዎቹ አሥር ናቸው፤ ዘጠኙ አልቀዋል። አሥረኛው እዚሁ፣ በዚሁ ጣውላ ውስጥ ካላለቀ አገር ገብቶ አይጨርሰውም። «ሰው ራቱን ሲበላ ከጀርባው ስጫወት ነው የኖርኩት» አለኝ። «የራሴ ብዬ ይዤ የምገባው ይሄን ብቻ ነው።»

በረራ ሲጀመር ከኔ ቀድሞ ለሱ ተገኘለት። ከመሳፈሩ በፊት ባለው ቀን ጠዋት የኮሮና ምርመራውን ወረቀት ሊያመጣ ጎረቤት ከተማ አጅማን ሄደ። «ስመለስ የመጨረሻዋን እቀርጻለሁ፣ ድስት እንዳያንኳኩብኝ» ብሎ ቀልዶብኝ ወጣ። ጊታሩን ኤሲው እንዳይመታው ብሎ ወጥ ቤቱ በር ላይ ወንበር አስደግፎት ነበር።

ሳልፍ አየሁት። ክሮቹ ላልተዋል፣ አንዳንዱማ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግቧል። በመሀላቸው የሻይ ማንኪያ ተሸጉጧል። ሦስት የልብስ መቆንጠጫ ነክሷቸዋል፤ ያውም የኔ መቆንጠጫ፣ ሳምንት ሙሉ የፈለግሁት! አንጀቴን በላው። ይሄ ሰው ከሥራ ከወጣ ወዲህ ልቡ አብሮት የለም አልኩ።

አባቴ ክራር መቺ ነበር። ፊደል ባያስቆጥረኝም መቃኘት አስተምሮኛል፤ እሱ መቃኛውን ሲያጠብቅ ክሩን የምመታለት እኔ ነበርኩ። ሰው ቤት ገብቶ የላላ ክራር ካየ ሳይጠይቅ አንስቶ ቃኝቶ ያስቀምጠዋል። በኛ ቤት ይሄ ውለታ ነው፤ ፈቃድ አይጠየቅበትም። የጊታሩን ክር ቆጠርኩት፣ ስድስት። የአባቴም ስድስት ነበር። መቆንጠጫዎቹን ነቀልኩ፣ ማንኪያውን አጠብኩ፣ ጫፉ ላይ ያሉትን ቁልፎች እያዞርኩ ክሮቹን አንድ በአንድ በአባቴ ቅኝት ቃኘኋቸው። እጄ አልረሳም። ወልውዬ መለስኩት። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ሳስታውሰው ዛሬም አፍራለሁ።

ከአጅማን ሲመለስ መጀመሪያ ያየው መቆንጠጫዎቹን ነው፤ ገመዱ ላይ ነጠላዬን ይዘው። ከዚያ ጊታሩን።

«እማማ፣ ምን አደረጉ?»

«ቃኘሁልህ።»

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ጭንብሉን እንኳ አላወለቀም። «ያንን ድምፅ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል» አለ። «አልጻፍኩትም። ጆሮዬ ውስጥ ብቻ ነበር።»

እርጥብ ነጠላዬን ከገመዱ አውርጄ ሦስቱንም መቆንጠጫ አመጣሁለት። ሰካቸው፣ ክሮቹን አላላ፣ መታ፣ ራሱን ነቀነቀ። እንደገና። ከሰዓቱ እየሄደ ነው፣ በረራው ነገ ነው። እኔ ደግሞ ያን ስሸሸው የከረምኩትን የጥጃ ድምፅ መልሰው እያልኩ ፈጣሪን እለምናለሁ። እንደዚህ ያለ ጸሎት ጸልዬ አላውቅም። አልተመለሰም።

በመጨረሻ ጊታሩን ዘረጋልኝ። «እስቲ እንደ ቅድሙ ያድርጉት።»

ተቀብዬ ቃኘሁት። ክሮቹን አንድ በአንድ ነካቸው። ሁለተኛዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። መልሶ ነካት።

«ይቺ ለምን ዝቅ አለች?»

«አባቴ እንደዚህ ነው የሚቃኛት።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«በቃ፣ አይንኳት» አለና ተቀብሎኝ ወደ ጣውላው ማዶ ገባ።

አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። የአባቴ ክራር ነው፤ ደግሞም አይደለም። አንዴ ልጅነቴን ያመጣልኝና ልይዘው ስል ይሰነጠቃል፣ ይጮሃል፣ ወደ ቆርቆሮው ይመለሳል። ተናዶብኝ ይሁን ደስ ብሎት አላወቅኩም። ድስት ግን አላንኳኳሁም፤ ምስሩም ሳይበስል ቀረ።

በማግስቱ ሊፍቱ በር ላይ በክርናችን ተሰነባበትን።

«አለቀልህ?»

«አለቀ።»

«አበላሸሁብህ?»

«እሱን እኔም አላወቅኩትም፣ እማማ» አለኝ። ሊፍቱ ተዘጋ።

ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ አልበሙ ከልጅ ልጆቼ ስልክ ወጣ፣ የመጨረሻዋም አለችበት። ያኔ እንዳልገባኝ ዛሬም አልገባኝም። በዚያ ሰሞን ግን አባቴን በወጣትነቱ የሚያውቀው የአጎቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር፤ እሱም ክራር መቺ ነው፣ አሁን ሸምግሏል። አሰማሁት። ሁለተኛዋ ክር ስትመጣ ከወንበሩ ተነሳ።

«ይሄን የት አገኙት? ይሄ የአባትሽ ስህተት ነው!»

«የምን ስህተት?»

አባቴን ልጅ ሳለ ጆሮውን አሞት ነበር አለኝ፤ አንዱ ፈጽሞ ደንቁሮ፣ ሌላውም የሚሰማው በከፊል። ያቺን ክር ዝቅ የሚያደርጋት ትክክለኛ ድምጿን ስለማይሰማ ነበር። ሌሎቹ ክራር መቺዎች ከሱ ጋር መጫወት ትተው ነበር፤ ለኛ ለልጆቹ ግን ማንም አልነገረንም።