ሻምበሉ እጁን እስኪያነሳ

ባሌ ተክለአብ ሰባ አምስት ዓመቱ ነው። ግትር ነው ብል ሐሜት አይሆንብኝም፤ ራሱም ያውቀዋል። በአሥራ ሰባት ዓመቱ አዲስ አበባ አንድ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ ገብቶ፣ ስዊንግ የሚሉትን የድሮ የጃዝ ዳንስ ሙዚቃ በሳክስፎን ሲጫወት ኖረ። ከዚያ ስደት መጣ። ለንደን ገብቶ መጀመሪያ አውቶቡስ ሲያጥብ፣ ኋላም ዋይት ሲቲ የሚሉት ሰፈር ሴኩሪቲ ሆኖ ሲቆም ሳክስፎኑ አልጋ ሥር ተቀመጠ።

አምና አንድ ቀን "ኤልፍዬ፣ ሃክኒ ያለ የስዊንግ ባንድ ሳክስፎን ተጫዋች ይፈልጋል፤ አፕላይ አድርጌያለሁ" አለኝ። እሰይ! እኔ ከሱ ብሼ ደስ አለኝ። ሦስት ልምምድ አይተውት ሊወስኑ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። የባንዱ መሪ ቤንጃሚን፣ እዚሁ ለንደን የተወለደ የሐበሻ ልጅ፣ "ጋሼ፣ ኖታ ሲያነቡ ፐርፌክት ነዎት፤ ግን ሶሎ አይጫወቱም" ብሎታል።

"ለምን አትጫወትም?" ብዬ ጮህኩበት።

"ማን አዘዘኝ?"

ጉድ እኮ ነው! ለካ በኦርኬስትራው ዘመን መሪው ሻምበል ገብረመድኅን ግራ እጁን ካላነሳ ማንም ተነስቶ ብቻውን አይጫወትም ነበር። ተክለአብ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሳይታዘዝ ተነስቶ ሦስት ቀን ታስሯል። ቤንጃሚን ደግሞ የፈለገ ይነሳ ብሎ ዝም ይላል።

"ታዲያ ንገረዋ!"

"ሙዚቀኛ መሪውን አያዝም" ብሎኝ እርፍ። አቃጠለኝ።

በሦስተኛው ልምምድ አብሬው ሄጄ ከአዳራሹ ኋላ፣ ከባንዱ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። የሶሎው ቦታ ደረሰ። ቤንጃሚን ዙሪያውን አየ፤ የኔው ጉድ ሳክስፎኑን አቅፎ ቁጭ ብሏል። ዛሬም ካልተነሳ ቦታውን ለሌላ ሰው ሊሰጡት ነው። ብድግ አልኩና እንደ ሻምበሉ ግራ እጄን አነሳሁ።

አየኝ። ቀጥ ብሎ ተነሳ። አርባ ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም። አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

ቤንጃሚን እየሳቀ "ጋሼ፣ ሐሙስ ዌምብሊ ዳንስ አለን። እንዳይቀሩ" አለው።

ሐሙስ ፊት ወንበር ላይ ተሰየምኩ። የሶሎው ቦታ ሲደርስ እጄን ላነሳ ብል ከቦርሳዬ ማንጠልጠያ ጋር ተያያዘብኝ። ስታገል ቆይቼ ቀና ብል፣ ተክለአብ ማንንም ሳይጠብቅ ቆሟል። እስቲ አሁን ማን ያስረዋል!