ጋሽ ግን እና ማንም ያላየው በሬ

ጋሽ ግን ይህን ስም ያገኘው በከንቱ አይደለም። ዝናብ መጣ ቢሉት «ግን ይበቃል?» ይላል፤ ምሳ ደርሷል ቢሉት «ግን ማን ራበው?» ይላል። ተማሪዎቹ በቅጽል ስሙ ሲጠሩት እንኳ አይከፋውም፤ «ግን ጋሽ ለመባል ደርሻለሁ እንዴ?» ብሎ ይሞግታቸዋል። ጸጉሩ ጥጥ መስሏል፣ በዚህም ቢሆን አይረታም። ባለቤቱ የጥርስ ሐኪም ናት። ቀኑን ሙሉ አፋቸውን ከፍተው መናገር ከማይችሉ ሰዎች ጋር ትውልና፣ ቤት ስትገባ የሚጠብቃት ያ ተዘግቶ የማያውቅ አፍ ነው።

አመሉ የያዘው ገና አዲስ መምህር ሳለ ነው። ያን ጊዜ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው አይሁዳውያን ባልና ሚስት ቤት ነበር። ባልየው ሰዓት ሠሪ፣ ሚስትየው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከሥራ በኋላ አንድ ትልቅ የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጉና ፊት ለፊት ተቀምጠው ይጯጯኻሉ። ተከራዩ መጀመሪያ ሊፋቱ ነው ብሎ ሌላ ቤት ማፈላለግ ጀምሮ ነበር። ቆይቶ ሲገባው የሚጣሉት ሞተው አፈር ስለሆኑ ሰዎች አጥርና ዶሮ ነው፤ የረታው ደግሞ ወገን ቀይሮ እንደገና መከራከር አለበት። ሲደክማቸው አንዱ ለሌላው ሻይ ይቀዳል። እሱ ያደገበት ቤት የኩርፊያ ቤት ነበር፤ አባትና እናቱ ከተኳረፉ ጨው እንኳ የሚጠያየቁት በልጅ በኩል ነው። እየተቃወሙ መዋደድ እንደሚቻል ያየው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሰዓት ሠሪው ሞቱ። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ አሮጊቷ መጽሐፉን ታቅፈው የተከራዩን በር አንኳኩ።

«ና ልጄ፣ ተቀመጥና ተቃወመኝ» አሉት። «ቤቱ ጭር አለብኝ።»

ስለ መጽሐፉ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ቢሆንም ተቀምጦ ተቃወማቸው። እስኪሞቱ ድረስ ተቃወማቸው። ከእናቱ ቀጥሎ እንደሳቸው የወደደው ሰው የለም።

በሚያስተምርበት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የአይሁድ ጥናት ትምህርት ክፍል ይከፈት ብሎ ደጅ የጠናውም ለዚህ ነው። አንዱ ኮሚቴ ወደ ሌላው ሲገፋው፣ ሌላው ሰብሳቢው የሉም ሲለው ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ዲኗ ጆሮዋ እረፍት እንዲያገኝ ብላ ለአንድ ዓመት ይሞከር አለች። ሃያ ተማሪ ካልተመዘገበ ግን ይዘጋል። የተሰጠው ክፍል ምድር ቤት ያለ የተሰባበሩ ወንበሮች መጋዘን ነበር። ወንበሮቹ ይወጣሉ ተብሎ ነበር፤ ሆኖም ሌላ መቀመጫ ስላልመጣ ተማሪዎቹ የተቀመጡት በነዚያው ላይ ነው።

ተማሪዎቹ ስድስት ብቻ ናቸው። ታሪኩንም ቋንቋውንም ያስተምራቸዋል፤ ልቡ ያለው ግን ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት በሚከራከሩበት ሰዓት ላይ ነው። የሙከራው ዓመት አልቆ የምዝገባው ሳምንት ሲመጣ የተያዘው ጉዳይ የበሬ ነበር። ገመዱን በጥሶ ጎረቤት ግቢ የገባ በሬ ላም ወግቷል፤ ካሳው በማን ላይ ይውደቅ? አንዲት ቀጭን ተማሪ ባለላም ሆና፣ ድምፀ ጎርናናው ጓደኛዋ ባለበሬ ሆኖ፣ ጣራው እስኪነቀል ተያያዙት።

ከስሱ ግድግዳ ማዶ የቤተ መጻሕፍቱ የንባብ ክፍል ነው። ኃላፊዋ ጥበቃ ጠርታ ምድር ቤት በበሬ የተጣሉ ሰዎች አሉ አለች። የጥበቃው አለቃ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ በሬውን ባያየውም አለመኖሩንም አላረጋገጠም፤ ስለዚህ ለአስተዳደሩ አመለከተ። አስተዳደሩ በበኩሉ ማጣራት ጊዜ ይፈጃል፣ ማስታወቂያ መለጠፍ ግን አይፈጅም ብሎ በየሰሌዳው ላይ «በመማሪያ ክፍሎች ውስጥ የቀንድ ከብት ማስገባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ለጠፈ።

ያላነበበ ተማሪ አልነበረም። ወሬው ክንፍ አወጣ፤ በሬው ነጭ ነው ያለ አለ፣ ሊፍት ውስጥ አይቼዋለሁ ብሎ የማለም አልጠፋ። በማግስቱ ምድር ቤቱ በሬ ሊያዩ በመጡ ሰዎች ተጨናነቀ። በሬ የለም። ካሳው ግን አልተቆረጠም፤ የመጣው ሁሉ እስኪ እንስማ ብሎ ቆሞ፣ ሳያውቀው ግማሹ ለበሬው ግማሹ ለላሟ ተቧደነ።

ዲኗ የጥበቃውን አለቃ አስከትላ የደረሰችው በዚህ መሀል ነው። ቃሏን አዘጋጅታ ነበር፤ የተመዘገበው ተማሪ አልሞላም፣ ጩኸቱም በዝቷል፣ ክፍሉ ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል ልትል። ጋሽ ግን ሲያያት የአሮጊቷ ጠረጴዛ ዳግመኛ ባዶ ሊቀር መሰለው። ቀጭኗ ተማሪ ዲኗ መግባቷን አላየችም፤ በሬውን አጥብቆ ያላሰረ ይክፈል፣ ሌላው ወሬ ነው ብላ ደመደመች።

ዲኗ እጇን ከበሩ እጀታ ላይ አነሣች።

«ግን» አለች፣ «ባለላሟስ የግቢዋን በር ለምን ክፍት ተወችው?»

ባለበሬዎቹ አጨበጨቡ። ጋሽ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንድ አንካሳ ወንበር በእጅጌው ጠርጎ አቀረበላት።

«ይቀመጡና ይቃወሙኝ» አላት።

ተቀመጠች። ወንበሩ ወደ ግራ አዘነበለ፣ እሷም አብራው አዘነበለች፤ ክርክሩን ግን አላቋረጠችም። ስትረታ ወገን መቀየር እንዳለባት ሲነግሯት ተናደደች፤ ቀየረችና እንደገና ረታች። የጥበቃው አለቃ የቆመው ለላሟ ነበር። በሬ ፍለጋ ከመጡት ብዙዎቹ ወጥተው ተመዘገቡ፤ ሃያውም ሞልቶ ተረፈ።

ጋሽ ግን ቤት ሲገባ ባለቤቱ እንዴት ሆነ ብላ ጠየቀችው።

«ክፍሉ አይዘጋም» አላት።

ባለቤቱ ቀጣዩን ቃል ጠበቀች። አልመጣም። ተነሥታ ትኩሳት ይዞት እንደሆነ ለማየት ግንባሩን ዳሰሰችው።