የሞክሼዬ ጠያቂዎች

በጃንሆይ ዘመን ቡታጅራ መምህር ሆኜ በተመደብኩ በሁለተኛው ወር ወባ ጣለኝ። በከተማው አንድም ዘመድ አልነበረኝም። በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ መረዳጃ ማኅበር ሽማግሌዎች ገንፎ ይዘው ከተፍ አሉ።

«አዲሱ አባላችን ታደሰ፣ አላህ ያሽርህ!» አሉ ሰብሳቢው ሐጂ ሸምሱ።

ስሜ ታደሰ ነው፤ የማኅበሩ አባል ግን አይደለሁም። ታደሰ የሚባል ልብስ ሰፊ በቅርቡ ከወልቂጤ መጥቶ እሰፈራችን እንደገባ ሰምቻለሁ። እሱን ፈልገው እንደመጡ ገባኝ። ልናገር አፌን ስከፍት አንደኛው ገንፎ አጎረሰኝ። ሌላው ቤቴን ይጠርጋል፤ ሐጂ ራሳቸው ላብ ያራሰውን አንሶላዬን ውጭ አውጥተው ያሰጣሉ። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ልናገር? እያፈርኩ በላሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ተመላለሱ። ሲሻለኝ ግን አላስቻለኝም።

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ የእናንተ ታደሰ አይደለሁም፤ የሰው ጠያቂ ቀማሁ።»

«በማግስቱ እኮ አውቀናል» አሉ እየሳቁ። «የኛው ታደሰ ዘንድ ሄደን ይቅርታ ስንጠይቀው፣ በወባ እየተንቀጠቀጠ ‹እኔስ ሚስት አለችኝ፤ ሞክሼዬ ማን አለው? ወደሱ ተመለሱ› አለን። ከዚያ ወዲህ ገንፎህን የምታገነፋው የሱ ሚስት ናት።»