ለማስታወሻ የተነቀለው አፍንጫ

ወንድሜ የሊፍት ጠጋኝ ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው በሕንፃ ሆድ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለስ ነው። ሰው ሊፍት ውስጥ ተዘግቶበት ሲጮህ እሱ ከበሩ ውጭ ቆሞ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ይሄ ሊፍት ሰው ይይዛል እንጂ አይበላም» እያለ፣ እያሳቀ ያወጣ ነበር። ከሥራ ሲወጣ መንገድ የሌለበት ቦታ መሄድ የሚወደው ለዚህ ይመስለኛል። «ሳምንቱን በገመድ ታስሬ ነው የምውለው፤ ቅዳሜ እንኳ ልፈታ!» ይላል።

መኪናዋን የገዛት አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት በጨረታ ሲያስወግዳት ነው። አሮጌ ፎር ዊል ናት። ጓሮው የገባችው ተጎትታ፣ በሮቿ በሽቦ ታስረው ነበር፤ ጎረቤቱም ሳቀባት። እሱ ግን ፈታትቶ፣ አጥቦ፣ ጠግኖ እንደገና ገጠማት። ቅዳሜ ልጠይቀው ስሄድ የማገኘው እግሩን ነው፤ ቀሪው ሰውነቱ ከመኪናዋ ሥር ነው። የምናወራው ከእግሩ ጋር ነበር። ወሬው ደስ ሲለው የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ይወዛወዛል። ሚስቱ፣ «ሌላ ሴት ብትሆን ፀጉሯን እነጭ ነበር፤ ካምቢዮን ምን አደርጋታለሁ?» ትል ነበር።

ለጨዋታ ብቻ እንዳልነበረ ግን ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ሚስቱ አዋላጅ ናት። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ከወንዝ ማዶ ነው፤ ድልድዩን ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ መልሶ የሠራው የለም፤ በሌላ በኩልም መንገድ የለም። ሰኞ ጠዋት ያሻግራታል፣ አርብ ይመልሳታል። ባሌስትራውን አስነስቶ ከመሬት ከፍ ያደረጋት ድንጋይ ሆዷን እንዳይፍቃት ነው። ትልልቅ ጎማ ያሰረላት አሸዋ እንዳይውጣት ነው። ከፊቷ ቪንች የገጠመላት ጭቃ ሲይዛት በራሷ ገመድ ራሷን ጎትታ እንድትወጣ ነው። ከሁሉም በላይ አፍንጫዋ አለ። አፍንጫ ብሎ የሰየመው ወንድሜ ነው፤ ከኮፈኑ ጎን ተነስቶ በመስታወቱ ጥግ እስከ ጣሪያው የሚወጣ ጥቁር ቱቦ ነው። ሞተሩ አየር የሚስበው በሱ ነው። እሱ ከሌለ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሞተሩ በአየር ፈንታ ውሃ ይጠጣል፣ እዚያው ወንዙ መሀል ተሰብሮ ይቀራል።

ሚስቱንም መንዳት ያስተማራት እዚያው ወንዝ ውስጥ ነው። «ማርሽ እንዳትቀይሪ። እንዳትቆሚ። ከፊትሽ የምትገፊውን ማዕበል ተከተዪው እንጂ እንዳትቀድሚው» ይላታል። ማዶ ሲደርሱ ወርዶ ጎማዎቹን መታ መታ ያደርጋቸዋል፣ ጭቃው ከፊቱ እየተንጠባጠበ ይስቃል። እኔ መዝገብ ቤት የምውል ሰው ነኝ፤ የማውቀው አቧራ እንጂ ጭቃ አልነበረም። አንድ ሰኞ ይዞኝ ሄደ፣ መሻገሪያው ላይ እሪ አልኩ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ውሰደኝ አልኩት።

ሞተ። ሥራ ላይ፣ የዕቃ ሣጥኑ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ።

ከቀብሩ በኋላ የማኅበሩ ሰዎች መጡ። እንደሱ ፎር ዊል ያላቸው፣ ቅዳሜና እሑድ አብረውት ጭቃ ሲያቦኩ የነበሩ ናቸው። ተቀመጡ፣ አለቀሱ፣ ሊሄዱ ሲነሱ አንዱ፣ «የመኪናዋን አካፋ ለማስታወሻ ልውሰድ?» አለ። የወንድሜ ሚስት በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። በዚያ ሳምንት የቤቱን ጣሪያ እንንቀል ቢሏትም ትነቀንቅ ነበር። ነገሩ የተጀመረው በዚህ ነው። ከመካከላቸው ዳቦ ጋጋሪ የሆነው ቪንቹን ለማስታወሻ ወሰደ። ሌላው ረጅሙን ክሪክ፣ ሌላው የጣሪያ መብራቶቹን። እያለቀሱ ነበር የሚፈቱት። የባሰ ያቃጠለኝም እሱ ነው። ሌባን ፖሊስ ይጠሩበታል፤ እንባውን እየጠረገ ቡሎን የሚፈታን ሰው ማንን ይጠሩበታል?

እኔ በተማርኩት ሙያ አንድ ሰው ያጠራቀመው ነገር አይበተንም። ከቦታው የወጣ ወረቀት ከየት እንደመጣና ለምን እንደተጻፈ የሚነግርለት ያጣል። መኪናም እንደዚያው ነው። ዳቦ ጋጋሪው መኪና ላይ ያ ቪንች ተራ ብረት ነው። ወንድሜ መኪና ላይ ግን፣ ሚስቱን ሰኞ ሥራዋ የሚያደርሳት ነገር ነበር።

አፍንጫውን የወሰደው የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። መነጽር ነጋዴ ነው፤ መኪናው አዲስ ነች፣ እንደ ሱቁ መስታወት የምታብረቀርቅ። ጓሮ ስገባ ከኮፈኑ ጎን ቱቦው የነበረበት ቀዳዳ ስፖንጅ ተጠቅጥቆበት፣ በላዩ ወንድሜ ሲስቅ የሚያሳይ ፎቶ ተለጥፎበታል። የወንድሜን ፊት የቀዳዳ መድፈኛ አድርገውታል! ለሊቀመንበሩ ስልክ መታሁ።

«እርስዎ» አልኩት። ስናደድ አንቱ እላለሁ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ያኔ ይሸሻል። «ያንን ቱቦ በማን ፈቃድ ነቀሉት?»

«እህቴ፣ እሱ ቢኖር ደስ ይለው ነበር።»

«እሱ ቢኖር በመፍቻ ነበር የሚያባርርዎት።»

«ኧረ ተረጋጊ። ሰኞ ለሱ የመታሰቢያ ጉዞ አዘጋጅተናል፤ እስከ ወንዙ። የሱ መኪና ከፊት ትመራለች፣ ሚስቱ ትነዳለች። እዚያው ወንዙ ዳር ሁላችንም የወሰድነውን መልሰን እንገጥማለን። በክብር! የሚያምር ነገር ነው።»

ያ ሰኞ ሚስቱ ከሐዘን ፈቃድ የምትመለስበት ቀን ነበር። ማዶ መንታ ያረገዘች ሴት ትጠብቃታለች፤ የመጀመሪያ ልጇን እንኳ በመከራ ነው የወለደችው። «እህት ዓለም፣ እነሱ ጉዞ ይበሉት፣ እኔ ሥራ ነው የምገባው» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት መኪኖቹ በጥቁር ሪባን አጊጠው ተሰለፉ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ውሃው ሞልቶ ይጎርፋል። ሊቀመንበሩ ንግግር ጀመረ። ስለ ጓደኝነት፣ ስለ ጭቃ፣ ስለ ነፃነት ተናገረ። የወንድሜ ሚስት የሥራ ቦርሳዋን አንግታ ቆማ ሰማችው፤ ከዚያ አቋረጠችው።

«ወንድም ዓለም፣ ውሃው እየጨመረ ነው። ግጠሙልኝና ልሂድ።»

እውነት መናገር ካለብኝ ዳቦ ጋጋሪው ሰው ነው። አንገቱን ደፍቶ ቪንቹን ከራሱ መኪና ፈታና መልሶ አሰረው። መብራቱ፣ ክሪኩ፣ አካፋው ተመለሱ። ሊቀመንበሩ ብቻ ወደ ወንድሜ መኪና አልተጠጋም።

«አፍንጫውስ?» አልኩት።

«እሱ... እኔ መኪና ላይ ነው ያለው።»

«ይፍቱታ!»

«ለኔ መኪና ረዝሞ ነበር፤ ትንሽ አሳጠርኩት። ወደዚያ አይገጥምም። ግን ስሙን አስቀርጬበታለሁ፣ እዪው፣ በወርቅ ቀለም።»

እውነቱን ነው፤ የወንድሜ ስም በወርቅ ቀለም ተቀርጿል። ቱቦው ግን ከሥሩ በመጋዝ ተቆርጧል። እኔ ምን እንዳልኩት አልጽፈውም፤ ሁሉንም በአንቱ እንዳልኩት ብቻ ይታወቅልኝ። ዳቦ ጋጋሪው በመሀላችን ገብቶ ክንዴን ያዘ።

«ሌላ ቱቦ አዝዣለሁ፤ በሚቀጥለው ወር ይደርሳል» አለ ሊቀመንበሩ። «ዛሬ ባትሻገሪስ? ሁላችንም ሐዘን ላይ ነን።»

«ልጆቹ ወር አይጠብቁኝም» አለች የወንድሜ ሚስት። እጇን ዘረጋች። «ቁልፍ።»

«የምን ቁልፍ?»

«የመኪናህ። አፍንጫው ያለው እሷ ላይ አይደል?»

ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት። ማንም ሌላ ሰው አልሳቀም። ዳቦ ጋጋሪው፣ «ስጣት» አለው። ከኋላ ሌላው፣ «ስጣት እንጂ!» አለ። ሊቀመንበሩ ሁላችንንም ተራ በተራ አየን፣ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ቁልፉን እንደ ጥርስ ነቅሎ ሰጣት።

«ውሃ ነክቷት አታውቅም እኮ» አለ።

«ዛሬ ታውቃለች።»

ቦርሳዋን የሊቀመንበሩ መኪና ውስጥ ወረወረች፣ ገባች፣ በሩን ዘጋች። ሪባኑን እንኳ አልፈታችም። ወንዙ ውስጥ ስትገባ ማርሽ አልቀየረችም፣ አልቆመችም። ውሃው መብራቶቹን ዋጠ፣ ኮፈኑ ላይ ወጣ፣ የወንድሜ ስም የተጻፈበት ጥቁር ቱቦ ብቻ ከላይ ቀረ። ሊቀመንበሩ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ማዕበሏን ከፊቷ እየገፋች መሀሉን አለፈች፤ የማዶውን ጭቃ እየረጨች ወጣች፤ ወደ ጤና ጣቢያው በሚወስደው ዳገት ዞር ሳትል ጠፋች።

«መቼ ነው የምትመልሳት?» አለኝ።

«አርብ። መንታዎቹ ከፈቀዱ።»

«የመቀመጫው ላስቲክ እንኳ አልተነሳም» አለ፤ ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር።

«ጥሩ ነው» አልኩት። «ምጥ የያዛት ሴት ትጫንበት ይሆናል። እርስዎ አሁን በእግርዎ ይሂዱ።»