«አንተ» ያሰኘኝ ፊልም

የባሌን ታላቅ ወንድም ድሮም ዓይኑን ማየት አልወድም ነበር። ዛሬ «እሱ» እላለሁ፤ ያኔ «እርሳቸው» ነበሩ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚህ አሜሪካ፣ ከሄይዋርድ ኦክላንድ እኛ ቤት ድረስ በባቡር ይመጣና ሶፋችን ላይ ተጎልቶ ሪሞቱን ይይዛል። ጫማውን እንኳ አያወልቅም! እኔም «ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ» እያልኩ አስተናግዳለሁ። ምን ላድርግ፣ የባል ታላቅ ነው።

የዚያን እሑድ አንድ የጥንት የእንግሊዝ ፊልም ከፈተ፤ ጥቁርና ነጭ። መሣሪያ የሚሸጡ ባለ ከረባት ጌቶች ሁለት አገር ለማዋጋት ያሴራሉ፤ ጋዜጠኛ ይገዛሉ፤ ለዕርቅ የተላከውን መልእክተኛ ያስገድላሉ። ጋሼ ተንጨረጨረ። «እርጉም ሁላ! የሰው ልጅ እያስፈጁ ሊነግዱ!» አለና ከንፈሩን መጠጠ። ለአፍታ ሰው መሰለኝ።

ፊልሙ ሳያልቅ ስልኩ ጮኸ። የአገር ቤት ፖለቲካ የሚያወሩበት ግሩፕ ነው። ፊልሙን ፖዝ አደረገና «ድርድር ብሎ ነገር የለም! ይዋጉና ይለይለት!» ብሎ አንባረቀ።

ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር። የመጨረሻው ታናሽ ወንድሜ አገር ቤት ከዘመተ ወር አልፎታል፤ ስልኩ አይሠራም፤ እናቴ እህል አልቀምስ ብላለች። ጋሼ ይህን ያውቃል፤ እዚያው ሶፋ ላይ እንደተቀመጠ ነው የነገርኩት።

«ጋሼ፣ ወንድሜ እኮ እዚያ ነው ያለው» አልኩት።

«ጀግና ነዋ! ኩሪበት እንጂ።»

«ታዲያ የእርስዎ ልጅ ለምን አይሄድም?»

ሳቀ። «እሱማ ሳን ሆዜ ኮሌጅ ነው፤ ሚድተርም ፈተና አለበት።»

ሚድተርም! ደሜ ፈላ።

«አንተ!» አልኩት። «ፊልሙ ላይ ካሉት በምን ትሻላለህ? እነሱስ የሚሸጡት ዕቃ አላቸው፤ አንተ በነፃ ነው የምታስፈጀን! ላንተ ይለይልሃል፣ እኔን ግን ከወንድሜ ይለየኛል። ውጣ ከቤቴ!»

ባሌ ከመኝታ ቤት ሮጦ መጣ። የሰማው ሁሉ ቀርቶ አንዷ ቃል ብቻ ናት ያስደነገጠችው። «ታላቄን አንተ አልሽው?»

«አዎ፣ አንተ አልኩት።»

ወንድሙን በመኪና ሄይዋርድ አድርሶ ሲመለስ አኩርፎ ተኛ።

አሁን ይቅርታ እንድጠይቅ ሽማግሌ ሊልኩብኝ ነው። ለአንዲት «አንተ» ሽማግሌ! ይምጡ፣ በሩ ክፍት ነው፤ ይቅርታ ግን አልልም። ባሌ ጠዋት ማታ በዚችው ቃል ይነዘንዘኛል። «ወንድምሽ ደወለ ወይ?» ብሎ ግን አንድ ቀን አልጠየቀኝም።