በሞቴ ያልኩ ዕለት

ልጄ ደሴ ላይ ለጤና ረዳትነት ስትማር ከእጇ የማይለይ አንድ ወረቀት ነበራት። ተማሪዋ ስትጨርስ መሥራት መቻል የሚገባት ሁሉ በተራ ተጽፎበታል። አንዱን በቻለች ቁጥር አስተማሪዋ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ያደርግላታል። ሁሉም ቀይ ከሆነ ትመረቃለች፤ አንድ ከጎደለ ትመለሳለች። እኔ ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ወረቀቱን ገልብጬ ብይዘው እንኳ መገልበጡን አላውቅም። ስትመጣ እሷ ታነብልኛለች፤ ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት፣ ትኩሳት መለካት እያለች።

ዶክተር ልትሆኚ ነው ወይ ብላት ሳቀች። የለም እማ፣ ዶክተር በሌለበት የምቆመው ነኝ አለችኝ። እንግዲያ እዚህ አገር ሳትቀመጪ ልታረጂ ነው አልኳት።

በረሃቡ ዓመት ለልምምድ ወደ እኛው ወደ መካነ ሰላም ላኳት። በዚያ ዓመት ደስ አለኝ ማለት ነውር ነው፤ እኔን ግን ደስ አለኝ። ከየገጠሩ የወረደው ሰው በየአጥሩ ጥግ ተደርድሮ ነበር። እሷ በቆርቆሮ መጠለያው ውስጥ ቀጭን የገብስ አጥሚት በሲኒ እየለካች ስታጠጣ ትውላለች። ሰው በረሃብ ሳይሞት በምግብ ይሞታል ስትለኝ አላመንኳትም። እማ፣ የደረቀ ቆዳ ሳይርስ ቢጎትቱት ምን ይሆናል አለችኝ። ይቀደዳል አልኩ። አንጀትም እንደዚያው ነው አለችኝ። አዎ አልኩ፤ ገባኝ አልኩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ሰውዬ ደጄ ላይ ተቀመጠ። የኔ ቢጤ መስሎኝ የሚሰጠውን ስፈልግ፣ «እታለም» አለኝ። እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ በዓለም ላይ አንድ ወንድሜ ብቻ ነው። በሬዎቹ አልቀው፣ ሚስቱን መንገድ ላይ ቀብሮ፣ አራት ቀን ተጉዞ ነው የደረሰው። ፊቱን ሳይሆን ድምፁን ነው ያወቅሁት።

ልጄን አስጠራኋት። እጁን ይዛ፣ ዓይኑን ገልጣ አየችው፤ ግማሽ ሲኒ አጥሚት በማንኪያ አጠጣችው። ከዚያ ግቢው መሐል ሁለት ድንጋይ አራርቃ አስቀመጠች። የጎጆው ጥላ ከዚህ ድንጋይ ተነሥቶ እዚያኛው እስኪደርስ ሌላ እንዳትሰጪው፤ ሲደርስ ደግሞ ይችኑ ግማሽ ሲኒ አለችኝ። ለሱም፣ «ጋሼ፣ አብሽሩ፤ ሳምንት ፍትፍት ይበላሉ» ብላው ወደ መጠለያው ተመለሰች።

ወንድሜ ድንጋዮቹን ያያል። እኔ እሱን አያለሁ። ጥላው ንቅንቅ አይልም። ብዙ ቆይቶ፣ «እታለም፣ ለወንድምሽ በድንጋይ ትሰፍሪለታለሽ?» አለኝ።

ልጅ ሆነን የመጨረሻዋን ጉርሻ ለኔ የሚተው እሱ ነበር። ለልጄ ብዬ የደበቅኋት አንድ እንጀራ ነበረችኝ። አውጥቼ በሽሮ ፈተፈትኩና አጎረስኩት። ዓይኑ በራ። ጥቂት ጎርሶ በቃኝ አለ፤ በእጁም ከለከለኝ። እዚያ ላይ ባበቃ ምን ነበረ። እኔ ግን ሌላ ጠቅልዬ፣ «በሞቴ» አልኩት።

ለሰው ይህ ከተባለ በኋላ እንቢ ማለት የአጉራሹን ሞት እንደ መመኘት ነው። ለኔ ሲል ጎረሰ። በሞቴ እያልኩ ሰሃኑን አስጨረስኩት።

ወዲያው ሆዱ ተነፋ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ልጄ እየሮጠች ደረሰች፤ የምትችለውን ሁሉ አደረገች። ጥላው ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ሳይደርስ ወንድሜ አረፈ።

ባዶውን ሰሃን አየችው። ትጮኽብኛለች ብዬ ስጠብቅ አጠበችው። ደፍታ አስቀምጣው፣ «ነግሬሽ ነበር እኮ፣ እማ» አለች። ትንሽ አሰበችና ደግሞ፣ «አይ፣ አልነገርኩሽም ማለት ነው» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

ንጉሡ ወረዱ ተብሎ ከተማው በዘፈንና በሰልፍ ሲናጥ እሷ ተመረቀች። ከዚያ ወረኢሉ፣ ከዚያ ሌላ ቦታ መደቧት። ያችን ዕለት ዳግም አንስታብኝ አታውቅም፤ እኔም አላነሳሁም።

ዓመታት አልፈው መሠረተ ትምህርት መጣና የልጅ ልጅ በሚሆኑኝ ሕፃናት መሐል ቁጭ ብዬ ፊደል ለየሁ። ማንበብ ስጀምር መጀመሪያ እኔ ጋ ከተወችው ሣጥኗ ያወጣሁት ያንን ወረቀት ነው። በጣቴ እየተከተልኩ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መጨረሻው ላይ ያልተነበበልኝ አንድ መስመር አለ፤ «የምትመክረው ሰው ምክሩን መረዳቱን ታረጋግጣለች» ይላል። አስተማሪዋ በቀይ ምልክት አድርጎበታል። ልጄ ምልክቱን በእርሳስ ሰርዛዋለች።

እኔ ገባኝ ያልኳት ውሸት ነበረ። እሷ ግን የወደቅሁት እኔ ነኝ ብላ ኖራለች።

ሁለተኛው ረሃብ ሲመጣ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ደጎሎ፣ ወረኢሉ፣ እስከ ኩታበር በእግሬም በጭነት መኪናም ዞርኩ። የራበው ዘመድ የመጣበት ቤት እገባለሁ፤ ሁለት ድንጋይ አስቀምጣለሁ፤ «በሞቴ» ብላችሁ አታጉርሱት እላለሁ። የቤቱ እመቤት ገባኝ ስትለኝ አልሄድም። እስቲ ያልኩሽን መልሰሽ ንገሪኝ እላታለሁ። ይቺ እብድ ባልቴት ብለው የሳቁብኝ አሉ፤ እየሳቁም ቢሆን መልሰው ይነግሩኛል።

ይህንን ለልጄ አወራኋትና ወረቀቱን አውጥቼ፣ «የእርሳሱን ሰረዝ አጥፊው፣ ልጄ» አልኳት። ወረቀቱን ብዙ አየችው። «ይቆይ፣ እማ» ብላ እንዳለ አጣጥፋ መልሳ ሰጠችኝ።

አሁንም እኔ ጋ ነው። ቤቴ የመጣ እንግዳ በቃኝ ሲል እጄን እሰበስባለሁ። ሴትየዋ ስታረጅ ንፉግ ሆነች ይሉኛል አሉ። ይበሉ።