በቫልቮቹ ላይ የተጋገረ ጥላሸት

ባለቤቴ በሞተ ሰሞን የጠላሁት ሰው አንድ ብቻ አልነበረም። አጥብቄ የጠላሁት ግን ታናሽ ወንድሙን ነው። ምክንያቱን ለሰው ብነግረው ይስቅብኛል፤ መኪናችንን ጠዋት ጠዋት ያስነሳ ነበር።

ላፍቶ ያለው ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ መኪናዋ የምትቆመው መኝታ ቤታችን መስኮት ሥር ነው። እኔ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፎልኝ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለቅሶ ተቀምጫለሁ፤ አርባው እስኪወጣ ከግቢ አልወጣም። ወንድሙ ከቀብር መልስ ቁልፉን ወሰደ። «ባትሪው እንዳይሞት» አለ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እየመጣ ሞተሩን ያስነሳል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ቆማ ስትሠራ ይቆይና አጥፍቶ ይሄዳል። እኔን እንቅልፍ የሚወስደኝ ሊነጋጋ ሲል ነው። ድምፁ ሲቀሰቅሰኝ ለአንድ አፍታ ባሌ ሥራ ሊሄድ ነው ብዬ አስባለሁ። ከዚያ ፍራሹን አያለሁ። ይህን በየቀኑ አደረገብኝ። ሰው ነዳጅ ለመቅዳት ግማሽ ቀን በሚሰለፍበት ከተማ፣ ቆሞ እያቃጠለ።

አርባው ካለፈ በኋላ ቁልፉን ተቀብዬ ብስራተ ገብርኤል ለመሳለም ራሴ ይዣት ወጣሁ። ዳገቱ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ነዳጅ ስረግጥ አትሰማም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫው የሞተር መብራት በራ፤ ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ በጥሩምባ ሰደበኝ። ማታ ለወንድሙ ብነግረው ፊቱን እንኳ አላዞረም።

«እትዬ፣ ሞተሩ አልቆለታል። ሳይብስበት ሽጪው። ገዢ አለኝ።»

ገዢ አለኝ! የገዛ ወንድሙ ከተቀበረ ሁለት ወር ሳይሞላ ገዢ አግኝቷል። መኪናዋ ተሸጣ ከግቢያችን እንደማትወጣ የዚያኑ ሰዓት ወሰንሁ።

ባሌ መሬት ቀያሽ ነበር እንጂ መካኒክ አልነበረም፤ ስለዚች መኪና ግን ያነበበውን ሁሉ ሳልጠይቀው ያስረዳኝ ነበር። «የዚች ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው የሚረጨው» ይለኛል። «እንደ ድሮዎቹ በአየር ማስገቢያው ቫልቮች ላይ አልፎ አያጥባቸውም። ከሞተሩ የሚመለሰው የዘይት እንፋሎት እዚያ ያርፋል፤ ሙቀቱ ያደርቀዋል፤ ይጋገራል።» ስለዚህ ዘይቱን ቀኑ ሳይደርስ ይቀይራል፤ ቆማ እንድትሠራ አይፈቅድም። ሱቅ ደርሰን እንምጣ ስለው «ለሱቅ እግር አለሽ» ይለኛል። ስለ ቫልቭ ካስረዳኝ ሩቡን ያህል ስለ ራሱ ደረት ውጋት ቢነግረኝ ኖሮ ሐኪም ቤት እየጎተትሁ እወስደው ነበር። እሱንም ገና አልማርሁትም።

ፉሪ መንገድ ዳር ያለ ጋራዥ ወሰድኋት። ጠና ያለ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት አዳመጠ።

«ካርቦን ይዟት ነው፣ ማዘር። ነዳጅ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ አለ፤ አንድ ጠርሙስ እናፈስላትና ጥርግ ያደርገዋል።»

«ነዳጁ በማያልፍበት ቦታ ማጽጃው በየት ገብቶ ነው የሚጠርገው?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ማነው እንዲህ ያለዎት?»

«የሞተ ሰው። ማስገቢያውን ፍታውና ቫልቮቹን በዓይኔ ልይ።»

«ቀኑን ሙሉ ይፈጃል እኮ፣ ማዘር።»

«ወንበር አምጣልኝ። ደግሞ እኔ አልወለድሁህም።»

ከዚያ በኋላ «እመቤት» ይለኝ ጀመር፤ ስድብ አስመስሎ ነው የሚለው። ግን በደንብ ሠራ። ማስገቢያው ሲፈታ ቫልቮቹ ድስት ሥር እንዳረረ ገንፎ ጠቁረው ነበር። በመፍቻው ጫፍ ጫር ሲያደርገው ቅርፊቱ ተነሳ።

«ይሄ የአርባ ቀን ሥራ አይደለም» አለኝ በየጠዋቱ የሆነውን ስነግረው። «የዓመታት ነው። ቢጠነቀቁላትም ይይዛታል፤ በየጊዜው ተፈትቶ መጽዳት ነበረበት። ቆማ እንድትሠራ እያስነሱ፣ በደንብ ሳትሞቅ ማጥፋቱ ደግሞ አባባሰው።»

የመጀመሪያውን መስማት አልፈለግሁም። ለወንድሙ ደውዬ ና አልሁት፤ ሲመጣም የነገርሁት የመጨረሻውን ብቻ ነው።

«ይኸው ሥራህ። ባትሪ ብለህ ሞተር ገደልህ። ለገዢህ ዋጋዋን ልታረክስለት ነው?»

ጥላሸቱን ጎንበስ ብሎ አየው። ይከራከረኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ገዢ የለም» አለ። «ባትሪውም ሰበብ ነው። ድምፁን ልስማ ብዬ ነው፣ እትዬ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ድምፁን ስሰማ ያለ ይመስለኛል። መንቀጥቀጥ ስትጀምር አበላሸኋት ብዬ ፈራሁ። ከዓይኔ ትራቅ ብዬ ነው ሽጪው ያልሁሽ።»

መካኒኩ ብሩሹን ይዞ ቆመ። እኔ ማዘን እንደነበረብኝ አውቃለሁ።

«አንተ እየሰማህ ስታለቅስ እኔን ከመስኮቱ ሥር በየጠዋቱ ገደልኸኝ» አልሁት። «መኪናዋ አትሸጥም። ቁልፉንም አትነካም።»

ቫልቮቹ በማጽጃ ርሰው፣ ተፍቀው፣ ተጠርገው ሲያልቁ መሸ። መካኒኩ ማስገቢያውን ገጥሞ አስነሳት፤ አልተንቀጠቀጠችም። «ዘይቷን እንዳያዘገዩ» አለኝ። «ቆማ አትንደድ። አንዳንዴ ሩቅ መንገድ ወስደው ነዳጁን ይርገጡላት፤ ለቫልቮቹ መፈታቱን አይተካም፤ ግን በደንብ መሞቅ አለባት።»

ቅዳሜ ወደ ፈጣን መንገዱ ልወጣ የግቢውን በር ስከፍት ወንድሙ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ና አላልሁትም፤ ሂድም አላልሁትም። ከጎኔ ገብቶ ተቀመጠ። ቃሊቲን አለፍን። መንገዱ ሲለቀቅ በሦስተኛ ማርሽ እንደያዝኋት ነዳጁን ረገጥሁ።

«ማርሽ ቀይሪ እንጂ፣ እትዬ! እየጮኸች ነው።»

«ድምፅ ፈልገህ አልነበር? ስማ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አይዞህ አላልሁትም። ማርሹንም አልቀየርሁም።